ከደብልዩ በኋላ ቤልሞንት

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከሬገን አየር ማረፊያ ወደ ሰሜን ዋሽንግተን ጫፍ። መኪናው የአጎትየው ቢሆንም መሪውን የያዘችው የእህቱ ልጅ ናት፤ እሱ ዓይኑን ታክሞ ሐኪሙ ለጥቂት ቀናት እንዳይነዳ ከልክሎታል። ከ1991 እስከ 2018 ድረስ 27 ዓመት በዚህች ከተማ ታክሲ ነድቷል። እሷ ሞንትሪያል ውስጥ ለዶክትሬቷ የምታጠናው ሰው መንገዱን እንዴት እንደሚያገኝ ነው። የሚጠሯቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ሁለቱም በኢትዮጵያው መቁጠር ካቆሙ ቆይተዋል።

አጎት፦ ስልኩን አጥፊው።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ መንገዱን አላውቀውም እኮ!

አጎት፦ እኔ አውቀዋለሁ። ያቺ ሴትዮ «ከ500 ጫማ በኋላ ወደ ቀኝ ይታጠፉ» ስትለኝ ደሜ ይፈላል። ድልድዩን ተሻግረሽ 14ኛን መንገድ ያዢ፤ ከዚያ ሽቅብ ነው። የት እንዳለሽ እነግርሻለሁ፤ ወዴት እንደምትታጠፊ ግን አልነግርሽም።

ልጅቱ፦ ፈተና ነው እንዴ?

አጎት፦ ጨዋታ ነው። ደግሞ ስለ ወንድምሽ የማወራሽ አለኝ፤ ሴትዮዋ መሃላችን እንድትገባ አልፈልግም።

ልጅቱ፦ እማዬ ነግራኛለች። ጠፍቶ ነበር አለችኝ።

አጎት፦ ሩቅ አገር ቢጠፋ ምን አለበት? የጠፋው ሰፈሩ ውስጥ ነው። ጆርጂያ አቬኑ ላይ የውሃ ቧንቧ ፈንድቶ መንገዱ ተዘጋ። ምግብ ያደርስ የለ? ስልኩ ባትሪ ጨረሰበት። ማደያ ውስጥ የሰው ስልክ ለምኖ ደወለልኝና «ጋሼ፣ የት ነኝ?» አለኝ። ከቤቴ ሦስት ብሎክ ላይ ነበር! ዓመታት የተመላለሰበት ቦታ። እንግዲህ 31 ዓመቱ ነው፤ ከ17 ዓመቱ ጀምሮ ያንን ነገር ያጨሳል። እናትሽ ፊት አይወራም እንጂ ሽታውን እኔ መች አጣሁት። ጢሱ አንጎሉን በላው።

ልጅቱ፦ ከዚያ ቀን በፊትስ ጠፍቶ ያውቃል?

አጎት፦ ኧረ አያውቅም። ሁልጊዜ አንድ መንገድ ነዋ የሚሄደው። እንደ ወፍጮ ቤት አህያ፤ ባለቤቷ ባይከተላት እንኳ እህሉን አድርሳ ትመለሳለች።

ልጅቱ፦ አህያዋን አይልቀቋት። እኔ የማጠናው ነገር ግማሹ እሷ ናት።

አጎት፦ መንግሥት ለዚህ ነው ገንዘብ የሚከፍልሽ?

ልጅቱ፦ ለዚህ ነው። ሰው መንገድ የሚያገኝበት ስልት ሁለት ነው። አንዱ የአህያዋ ነው፤ ከማደያው ወደ ግራ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ሦስተኛው በር። ተራውን እስከያዙ ድረስ ማሰብ አያስፈልግም፤ እግር ያስታውሳል። ሁለተኛው ካርታ ነው። ምኑ ከምኑ በየት በኩል እንደሆነ ስለሚያውቁ፣ ረግጠውት በማያውቁት መንገድም አቋርጠው ይደርሳሉ። ኤድዋርድ ቶልማን የሚባል አሜሪካዊ 1948 ላይ «አይጥ እንኳ ጭንቅላቷ ውስጥ ካርታ አላት» ብሎ ሲጽፍ ብዙ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም ነበር። እኔ ባለሁበት ሞንትሪያል ደግሞ ቬሮኒክ ቦቦት የምትባል ተመራማሪ አለች። ሰዎችን ኮምፒዩተር ፊት አስቀምጣ ስምንት ክንድ ያለው መንገድ ውስጥ ታስገባቸዋለች። ዙሪያውን ተራራና ዛፍ ይታያል፤ አንዳንዱ ክንድ ጫፍ ላይ ዕቃ ተደብቋል። ሲጨርሱ እንዴት እንዳገኙት ትጠይቃቸዋለች። አንዱ «ከተራራው አጠገብ ያለው ነው» ይላል። ሌላው «ከጀመርኩበት ስቆጥር ሁለተኛው» ይላል።

አጎት፦ ሁለተኛው አህያዋ ናት።

ልጅቱ፦ ናት። 2013 ላይ ባወጣችው ጥናት እነዚያ ቆጣሪዎች በዕድሜያቸው የጠጡት መጠጥ የካርታዎቹን እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ካናቢስም የበለጠ ያጨሱት እነሱ ናቸው።

አጎት፦ ይኸው! ምን ቀረሽ?

ልጅቱ፦ ቅደም ተከተሉ ቀረኛ። ልምድን የሚይዘው የአንጎል ክፍል ካውዴት ይባላል። ሱስ የሚሠራበት መሥመር ውስጥም ያለው እሱው ነው። ስለዚህ ሰውየው ከመነሻው በልምድ የሚሄድ ሆኖ፣ በዚያው ጠባዩ ወደ ማጨስም አዘንብሎ ሊሆን ይችላል። ጢሱ ካርታውን በላው ለማለት ከጢሱ በፊት ካርታ እንደነበረ ማየት ያስፈልጋል። ወንድሜ በ16 ዓመቱ መንገድ ያውቅ ነበር?

አጎት፦ በ14 ዓመቱ ነው የመጣው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከበር ወስዶ በር ላይ ይጥለው ነበር። ምኑን አየሁትና?

ልጅቱ፦ እኔም አላየሁም።

አጎት፦ እኔ በ14 ዓመቴ አዲስ አበባን እንደ መዳፌ ነበር የማውቃት። የመንገድ ስም የሚባል ነገር መች ነበረን? «ከአራት ኪሎ ወረድ ብለህ፣ ዳቦ ቤቱን አልፈህ፣ ዋርካው ጋ ጠይቅ» ነው አድራሻው። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ቢሆነውም ስሙ አይቀየርም። 2024 ላይ ፒያሳ ፈረሰች ብለው በስልክ ሲያሳዩኝ ልቤ አልተቀበለውም። እዚህ ውስጥ ቆማለች። ዓይኔን ጨፍኜ ከቸርችል ጎዳና አፋፍ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ በየትኛውም ጓሮ እወስድሻለሁ። ግን የምትደርሺበት ቤት የለም።

ልጅቱ፦ ...

አጎት፦ አሁን የት ነሽ?

ልጅቱ፦ 14ኛና... ኤል።

አጎት፦ ከኤል በፊት ኬ ነው፣ ከኬ በፊት አይ። ጄ የለም። 1791 ላይ ከተማዋን የነደፈው ፈረንሳዊ፣ ላንፋንት፣ ጆን ጄይ የሚባለውን ዳኛ ስለሚጠላው ነው ይላሉ። ስንቱ ተሳፋሪ ይህን ሊያስተምረኝ ሞከረ! ተረት ነው። በዚያ ዘመን አይና ጄ በጽሕፈት ስለሚምታቱ ነው የተዘለለችው። ፊደሉ ደብልዩ ላይ ያልቃል። ከደብልዩ በኋላ ምን ይመጣል?

ልጅቱ፦ እንጃ።

አጎት፦ ቤልሞንት። ከዚያ ክሊፍተን፣ ዩክሊድ፣ ፌርሞንት፣ ጂራርድ፣ ሃርቫርድ። ፊደሉ እንደገና ይጀምራል፤ አሁን ግን ሁለት ቀለም ባለው ስም ነው። ግጥም ላይ ቀለም እንደሚቆጠረው ቁጠሪው፤ ቤል፣ ሞንት። ሁለተኛው ዙር ሲያልቅ ሦስት ቀለም ይሆናል፤ አሊሰን፣ ቡካናን፣ ኤመርሰን፣ ሃሚልተን፣ ኬኔዲ። እሱም ሲያልቅ ዛፍና አበባ ነው፤ አስፐን፣ ዳህሊያ፣ ፈርን፣ ጄራኒየም። አበባው ከመጣ ሜሪላንድ ልትገቢ ነው። ተሳፋሪ ገብቶ «ኬኔዲ ስትሪት» ሲለኝ ምን ያህል ሽቅብ እንደምሄድ ሞተር ሳላስነሳ አውቀዋለሁ። እስከ 2008 ድረስ ታክሲያችን ቆጣሪ አልነበረውም፤ ሒሳቡ በዞን ነበር። ካርታውን ያልያዘ ሰው እንጀራ አይበላም።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ አሁን የነገሩኝ ሂፖካምፐስ ነው።

አጎት፦ ምንድን ነው እሱ?

ልጅቱ፦ ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ በግራም በቀኝም፣ ጣት የሚያህል ነገር አለ። ቅርጹ የባሕር ፈረስ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። 1971 ላይ ለንደን ውስጥ ጆን ኦኪፍ የአይጥ የባሕር ፈረስ ውስጥ ቀጭን ሽቦ ከትቶ ሲያዳምጥ፣ አንዷ ሕዋስ የምትጮኸው አይጧ አንድ ጥግ ስትደርስ ብቻ ነው፤ ሌላዋ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ። እያንዳንዷ የራሷ ሰፈር አላት። 2005 ላይ ኖርዌይ ውስጥ፣ ትሮንድሄም ከተማ፣ ሜይ ብሪትና ኤድቫርድ ሞሰር ሌላ ዓይነት ሕዋስ አገኙ፤ እሷ ቦታውን ሁሉ እንደ ንብ ቀፎ እኩል እኩል ትከፍለዋለች። የእርስዎ ኤ ቢ ሲ ማለት ነው። ሦስቱም 2014 ላይ ኖቤል ተሸለሙ።

አጎት፦ ጢሱ እዚያ ይገባል?

ልጅቱ፦ ይገባል። ነገሩን የሚያደርገው ቲኤችሲ የሚባለው ነው። 1964 ላይ እስራኤል ውስጥ ለይተው ያወጡት ራፋኤል ሜቹላምና ባልደረባው ናቸው። ሜቹላም ለምርምሩ ከፖሊስ የተሰጠውን 5 ኪሎ ሀሺሽ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ በአውቶቡስ ነው ወደ ቤተ ሙከራው የሄደው። ተሳፋሪው «ይሄ ሽታ ምንድን ነው?» ይል ነበር።

አጎት፦ እኔ ስንት ሜቹላም ጭኛለሁ መሰለሽ!

ልጅቱ፦ ይህ ቲኤችሲ የሚያርፍበት ተቀባይ የተገኘው 1988 ላይ ነው። በብዛት ካለባቸው ቦታዎች አንዱ የባሕር ፈረሱ ነው። ተቀባዩ የተቀመጠው ለሀሺሽ አይደለም፤ አካላችን የራሱን ቅመም ይሠራል። 1992 ላይ ሲያገኙት በሳንስክሪት ደስታ ከሚለው ቃል አናንዳሚድ አሉት። ሥራው አንዷ ሕዋስ ሌላዋን ስታጣድፋት «በቃሽ» ማለት ነው፤ በጠብታ፣ እዚያው፣ ለቅጽበት። ጢሱ ግን ክረምት ነው። ለፈለገውም ላልፈለገውም ይዘንባል።

አጎት፦ እና ሕዋሶቹ ይሞታሉ።

ልጅቱ፦ አይሞቱም። የሚገርመኝም ይሄ ነው። 2006 ላይ ከጆርጂ ቡዛኪ ቤተ ሙከራ በወጣው ሥራ፣ አይጦቹ ይህንን ዓይነት መድኃኒት ሲወጉ ሕዋሶቹ የሚጮኹት መጠን እምብዛም አልተለወጠም። ከዚያው ቤተ ሙከራ በኋላ በወጣ ሥራ ደግሞ ሰፈራቸውን አልረሱም። ጋሼ፣ ማኅሌት ቆመው ያውቃሉ?

አጎት፦ በልጅነቴ ነዋ። እንቅልፌን እየታገልኩ።

ልጅቱ፦ ዜማውን ሁሉም ያውቀዋል እንበል፤ ድምፅም አላነሳቸውም። ከበሮው ግን አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ቢመታ፣ ጸናጽሉም በራሱ መንገድ ቢሄድስ?

አጎት፦ ወረቡ ይፈርሳላ! መሪጌታው መቋሚያውን ያነሳል።

ልጅቱ፦ የሆነው ይኸው ነው። የባሕር ፈረሱ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ገደማ የሚመታ ከበሮ አለው፤ ቴታ ይሉታል። ያለፍኩት፣ ያለሁበትና የምደርስበት ቦታ በዚያ ምት ላይ ተራ ይዘው ይሰለፋሉ። መድኃኒቱ ምቱን አዳከመው፤ ሕዋሶቹም አብሮ መጮኹን አጡ። አይጦቹ ቀደም ሲል ወደ የት እንደታጠፉ ማስታወስ የተሳናቸው ምቱ በፈረሰው መጠን ነው።

አጎት፦ ስለዚህ ፊደሉ አለ። የሚጻፍበት እጅ ነው የሚንቀጠቀጠው።

ልጅቱ፦ ከእኔ ይሻላል አገላለጽዎ።

አጎት፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እናትሽ ጆሮ እንዳይደርስ። እኔም አጭሻለሁ።

ልጅቱ፦ እርስዎ?

አጎት፦ መንገዱን እያየሽ ንጂ! ከ1999 እስከ 2009። አንድ አሥር ዓመት። ሌሊት ፈረቃ ጨርሼ ስገባ እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ይቺን ሞክራት» አለኝ። ያኔ ይታሰርበት ነበር፤ ዲሲ እቤትህ ይዘህ አጭስ ያለው 2015 ላይ ነው፣ ሜሪላንድ ደግሞ 2023 ላይ ሱቁን ከፈተች። አሁንም ቢሆን የፌዴራሉ ሕግ አልለቀቀውም። ግሪን ካርድ የያዘው የእኛ ልጅ «እዚህ ተፈቅዷል» ብሎ ዜግነት ሲጠይቅ አፉን ሞልቶ አጭሳለሁ ይላቸውና ጉድ ይሆናል... ምን ልልሽ ነበር? አዎ። ልጄ ስትወለድ ተውኩት።

ልጅቱ፦ እና ካርታውስ?

አጎት፦ እሱን ልልሽ ነው። ይህን ፊደል ያጠናሁት በ1991 ነው፤ ሳላጨስ። እስከ ዛሬ አልፋቀም። አሁን ግን ኔቪ ያርድ ውሰደኝ በይኝ፤ ያ 2008 ላይ የተከፈተው የቤዝቦል ሜዳ ያለበት። በእኔው ዘመን የተሠራ ሰፈር ነው። ሕንፃው ሲወጣ አይቻለሁ፤ ሺህ ጊዜ ሰው አድርሻለሁ። ዛሬ ብሄድ እጠፋለሁ። ቅድም ወንድምሽን ስሰድበው ራሴን ነበር የማስበው። ስታወሪ ነው የገባኝ፤ የጠፉብኝ መንገዶች በጢሱ ዓመታት የተጻፉት ናቸው።

ልጅቱ፦ በጣም የሚያምር ታሪክ ነው፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራኝ። ልጠይቅዎ። 2006 አካባቢ የጋርሚን መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ ገዝተው አልነበረም? መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ትዝ ይለኛል።

አጎት፦ ነበር።

ልጅቱ፦ ኔቪ ያርድን የሚሄዱበት በእሱ ነበር?

አጎት፦ ...በእሱ ነበር።

ልጅቱ፦ በ1991 ስንት ዓመትዎ ነበር?

አጎት፦ ሃያ ስምንት።

ልጅቱ፦ በ2008 ደግሞ አርባ አምስት። ሌሊት ሠርተው ቀን የማይተኙ፣ ሁለት ሥራ የያዙ፣ ገና የቤት ዕዳ የገቡ። እንግዲህ ካርታው እንዳይጻፍ ያደረገው ጢሱ ነው? ጋርሚኑ ነው? እንቅልፍ ማጣቱ? ዕድሜ?

አጎት፦ ደስታዬን ነጠቅሽኝ።

ልጅቱ፦ ምን ደስታ አለው?

አጎት፦ ጥፋተኛ ማግኘት ደስ ይላል እንጂ።

ልጅቱ፦ የእርስዎ ሙያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። ለንደን ባለታክሲ ለመሆን 25,000 ገደማ መንገድ በቃል ይጠናል፤ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። ኤሌነር ማጓየር 2000 ላይ የ16 ባለታክሲዎችን አንጎል በኤምአርአይ አየችና የባሕር ፈረሳቸው የኋላ ክፍል ከሌላው ሰው እንደሚበልጥ ጻፈች። ዓለም ተቀባበለው። እሷ ግን አልተኛችም፤ ከተፈጥሮው ትልቅ ያለው ሰው ይሆናላ ባለታክሲ የሚሆነው! ስለዚህ ከባልደረባዋ ጋር 79 ተማሪዎችን ጥናቱን ሊጀምሩ ሲሉ መዘገበች። ዓመታት ጠብቃ እንደገና ለካቻቸው። 39ኙ ፈተናውን አልፈዋል፤ ያደገው የእነሱ ብቻ ነው። የወደቁት እንደነበሩ ናቸው። ይህን 2011 ላይ አወጣች። 2025 መግቢያ ላይ ስታርፍ እኔ በስም ብቻ የማውቃት ሰው ናት፤ አለቀስኩ።

አጎት፦ ነፍስ ይማር። ስለ ጢሱስ እንዲህ በፊትና በኋላ የለካ የለም?

ልጅቱ፦ ብዙው ሥራ አንድ ጊዜ ፎቶ ማንሳት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ 2008 ላይ ከአሥር ዓመት በላይ በቀን ከአምስት ጥቅል በላይ ያጨሱ 15 ወንዶችን አይተው የባሕር ፈረሳቸው በ12 በመቶ ያነሰ ነው አሉ። አስደነገጠ። 2015 ላይ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ የሚያጨሱትን ከማያጨሱት ጋር በመጠጥ ልማዳቸው ጭምር አመሳስለው ሲያነጻጽሩ ልዩነት አላገኙም። መጠጡ ነበር ማለት ነው? በከፊል ሊሆን ይችላል። እነዚያው አውስትራሊያኖች 2016 ላይ ሲመለሱ፣ አጭሰው ከተዉ ሁለት ዓመት ያለፋቸው ሰዎች የባሕር ፈረስ ካላጨሱት አልተለየም።

አጎት፦ እኔ ከተውኩ ስንት ሆነኝ! ድኛለኋ።

ልጅቱ፦ ድነው ይሆናል። ከሕፃንነት ጀምሮ ሲከታተሉ የቆዩት ኒውዚላንዶቹ ናቸው፤ ዱነዲን ከተማ በ1972ና 1973 የተወለዱ 1,037 ልጆችን። ለረጅም ዓመት ሲያጨሱ የኖሩት 45 ዓመት ሲሞላቸው የማሰብ ችሎታ ውጤታቸው ከልጅነታቸው በ5.5 ነጥብ ዝቅ ብሏል። የባሕር ፈረሳቸውም ትንሽ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ሊያገናኙ ሲሞክሩ ግን አልተገናኙም፤ የመጠኑ ማነስ የችሎታውን ማነስ አላስረዳም።

አጎት፦ እኔ በሚዛን የሚለካ ነገር ብቻውን አይገባኝም። ትልቅ ታንከር የያዘ መኪና ሁሉ ሩቅ አይሄድም። መንገድ ሲያስፈልጉስ አይተዋቸዋል?

ልጅቱ፦ ቦስተን አካባቢ 2013 ላይ አጫሾችን በኮምፒዩተር የተሠራ ኩሬ ውስጥ አስገብተው የተደበቀ መቆሚያ አስፈልገዋቸዋል፤ ለአይጥ የሚደረገው ፈተና ነው። ሲማሩ ከሌላው እኩል ተማሩ። በኋላ ከትዝታቸው አውጥተው እንዲያገኙት ሲጠየቁ ግን ተበለጡ፤ ከባሕር ፈረሱ ጎን ያለው የአንጎል ክፍልም ደከም ብሎ ነው የታየው። ሰዎቹ ጥቂት ነበሩ፤ ብዙ አልደገፍበትም። ከአይጡ ከበሮ ጋር ግን ይገጥማል።

አጎት፦ እሺ ዶክተር። አንቺ ምን ታምኛለሽ? የወረቀቱን ተይውና።

ልጅቱ፦ ገና አልሆንኩም ዶክተር። የማምነውን ልንገርዎ። ለዓመታት በየቀኑ፣ በተለይ በልጅነት ተጀምሮ ከሆነ፣ አዲስ ካርታ መጻፍን ያደናቅፋል። የተጻፈውን ይፍቃል ብዬ አላምንም። ልምዱን ደግሞ እምብዛም አይነካውም፤ የሚያታልለውም እዚህ ላይ ነው። አህያዋ ወፍጮ ቤት ትደርሳለች፣ ትመለሳለች፤ ሥራ አይቋረጥ፣ ምግቡ በሰዓቱ ይደርሳል። ካርታ እንደሌለው ራሱም አያውቅ። የውሃ ቧንቧ እስኪፈነዳ ድረስ።

አጎት፦ አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም ያልኩሽ...

ልጅቱ፦ እሱ ነው። «ጠፍቶ አያውቅም» ማስረጃ አይሆንም። ለስልኩም ያው ነው። እኔ በሕይወቴ አንድም ጊዜ አላጨስኩም፤ ሞንትሪያል ላይ ያቺን ሴትዮ ካጠፉብኝ ከቤቴ ቤተ ሙከራ አልደርስም። የእኔን ምን በላው ልንል ነው?

አጎት፦ ሽማግሌዎቹስ? እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፤ ሐኪሜን ልጠይቀው አስቤ ነበር።

ልጅቱ፦ ያንን እንዳይሰሙ ብዬ ነበር የዘለልኩት! ቦን ውስጥ 2017 ላይ ያረጁ አይጦችን ለ28 ቀን ጥቂት ጥቂት ቲኤችሲ ሲሰጧቸው ያ የኩሬው ፈተና ተሻላቸው። ወጣቶቹ ግን በዚያው መጠን ባሰባቸው።

አጎት፦ ሰማሽ? ለእኔ መድኃኒት፣ ለወንድምሽ መርዝ!

ልጅቱ፦ እርስዎ አይጥ አይደሉም ጋሼ። ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት... ይሄ ምንድን ነው? ተዘግቷል።

አጎት፦ ግንባታ ነው።

ልጅቱ፦ ወዴት ልታጠፍ?

አጎት፦ ቃሌ ቃል ነው። የት እንዳለሽ ልንገርሽ፤ 14ኛ ላይ ነሽ፣ ዌብስተርን አልፈሻል፣ አሊሰን ጋ ነሽ።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ ከኋላዬ ሰው ክላክስ እየነፋ ነው!

አጎት፦ ይንፋ። ዋሽንግተን ነው።

ልጅቱ፦ አሊሰን... ሦስት ቀለም። ሦስተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ ነኝ። የእርስዎ ቤት አበባዎቹ ጋ ነው፤ ገና ብዙ ሽቅብ አለ። 14ኛ ከተዘጋ 16ኛ አለ። 9ኛ ጎዳና፣ የእኛ ምግብ ቤቶች ያሉበት፣ ዩ ላይ ስናልፍ በስተቀኝ ነው ብለውኝ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ቀኝ ይቀንሳል። ወደ ግራ ይጨምራል። ግራ።

አጎት፦ እኔ ምንም አላልኩም።

ልጅቱ፦ ታጠፍኩ። ...15... ይሄው 16ኛ! አሁን ወደ ቀኝ፣ ሽቅብ።

አጎት፦ ምንም አላልኩም።

ልጅቱ፦ ለወንድሜ እንዲህ አድርገውለት ያውቃሉ?

አጎት፦ መቼ? ሁሌ ስልኩ አለ። እኔም «ቶሎ ድረስ» እንጂ «የት ነህ?» ብዬው አላውቅም። እስቲ ንገሪኝ፤ ቢተወው ምን ያህል ቀን ይፈጃል?

ልጅቱ፦ በ2012 የወጣ ሥራ አለ። በየቀኑ የሚያጨሱ 30 ሰዎችን አዩ፤ ያ ተቀባይ በአንጎላቸው ቅርፊት በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ጎርፉ ሲበዛ በሩን ዘግቶ ማለት ነው። አራት ሳምንት ገደማ ሳያጨሱ ቆይተው ሲለኩ ብዙው ቦታ ተመልሷል። የባሕር ፈረሱ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር።

አጎት፦ ሁሌ እሱ ነው የሚዘገየው።

ልጅቱ፦ «አንጎልህን በላው» አይበሉት ብቻ። እውነት አይደለም፤ ደግሞ ከተበላ ለምን ይተወዋል?

አጎት፦ አልለውም። ቅዳሜ ጠዋት ሳያጨስ እወስደዋለሁ። እሱ ይነዳል፤ ስልኩን እኔ እይዘዋለሁ። ኔቪ ያርድ ነው የምንሄደው።

ልጅቱ፦ እርስዎም የማያውቁት ቦታ?

አጎት፦ ለዚህ ነዋ። እዚህ ፊደሉ ላይ እኔ መምህር፣ እሱ ተማሪ ሆኖ ያኮርፋል። እዚያ ሁለታችንም እኩል ነን።

ልጅቱ፦ ሁለታችሁም ብትጠፉስ?

አጎት፦ ቁርስ በልተን ነው የምንወጣው። ...አስፐንን አለፍሽ። ቀኝሽን እያየሽ።